አባባ የደፉት ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ማዶ ኬንት በምትባል ከተማ በነበረችን ጠባብ አፓርታማ፣ ተረት የሚነገረው ኤሌክትሪክ ምድጃ ፊት ነበር። እናቴ ሶዶ በሚባለው የከተማው ሰፈር ካለው የልብስ ማጠቢያ ሥራዋ፣ አባቴ ደግሞ ከመጋዘን ሥራው እስኪመለሱ የሚጠብቁኝ የአባቴ አጎት አባባ ሽፈራው ነበሩ። በብርዱ ወራት ከትምህርት ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ይጨልማል። አባባ ሻያቸውን አፍልተው ሲያበቁ ምድጃውንም የቤቱን መብራት ሁሉ ያጠፉና፣ ገና ቀልቶ እንደ ፍም ወደሚያበራው የምድጃው ጥምዝምዝ ብረት ወንበር ስበው ይጠጋሉ። ጭስ የለውም፤ የሚሸተው የተቃጠለ አቧራ ብቻ ነው። አንድ ቀን ገብስ እቆላለሁ ብለው የጭስ ማስጠንቀቂያው የሕንፃውን ሰው ሁሉ ዝናብ ላይ ካስወጣው ወዲህ ጭስ የሚባል ነገር በቤታችን ተከልክሏል። ተረቱም ብረቱ ቀዝቅዞ እስኪጠቁር ማለቅ ነበረበት።

ጅብም ጦጣም ይመጡ ነበር፤ የአባባ ተረት ዋና ሰው ግን ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነው። ግልገሎቹ ይሳሳታሉ፣ ከገደል ይወድቃሉ፣ ጭራቸው ይቆረጣል፤ ሽማግሌው ግን አንድ ቀንም ተሳስቶ አያውቅም። እኔም ከልቤ አምን ነበር። ከአገር ቤት ከመጣሁ አምስት ወር ቢሞላኝም ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል ተንፍሼ አላውቅም ነበር፤ የእንግሊዝኛው ነገር ብቻ አይመስለኝም። አፉን የሚከፍት ግልገል መጨረሻው እንደማያምር በየምሽቱ እሰማ ነበራ።

አንድ ሰኞ መምህራችን ለእያንዳንዳችን በትንሽ ማሰሮ የተተከለ ዋተርክረስ የሚባል የሚበላ ቅጠል ሰጠችን። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ ተክሉን ይዞ ፊት ለፊት ቆሞ ስለ እሱ ይናገራል አለች። ከማሰሮው ጋር የተሰጠን ካርድ ላይ ሥዕል ነበረበት፤ ማሰሮው ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ ቆሟል። እኔም ቤት ስደርስ እንደ ሥዕሉ አደረግሁ። አባባ ጠጋ ብለው አንዲት ቅጠል ቀነጠሱና አኘኳት፤ አፍንጫቸውን ሰነፈጣቸውና ሳቁ።

«ይኼማ ፌጦ ነው! ለሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው እኮ።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ ስነሳ ሳህኑ ደርቆ አገኘዋለሁ። ጠጥቶት ነው ብዬ ደስ እያለኝ እሞላዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስም እንደገና ደርቆ ይጠብቀኛል። ቅጠሎቹ ግን ቢጫ ሆኑ፤ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ማታ አንገታቸውን ደፉ። አለቀስኩ። እናቴ ጃኬቷን ሳታወልቅ እቅፍ አደረገችኝ።

«ሶ፣ ከሞተ ይሙት፤ ኦኬ ነው። ሐሙስ ቲቸርሽን ኮል አደርግና ዓርብን ይቅርባት እላታለሁ» አለችኝ።

እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፤ ምክንያቱም መናገር እፈልግ ነበር። በአልጋዬ ውስጥ ሆኜ ቃላቱን ስንት ቀን ተለማምጄያቸዋለሁ።

ረቡዕ ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ይለቀቃል፤ አባባ ይህን ረስተውት ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ሳህኑን ይዘው ውሃውን ወደ ዕቃ ማጠቢያው እየደፉ ደረስኩባቸው።

«ኖ! አባባ፣ አይድፉት!»

ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። በቤታችን ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ተጮኾ አያውቅም። አባባ ሳህኑን እንደያዙ ዞሩ።

«ልጄ፣ ፌጦ ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል። ላድንልሽ ብዬ ነው እኮ። ማታም ቀንም ስደፋው ነው የሰነበትኩት።»

ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ደረቁን ማሰሮ አዩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። አባባ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ። በይ አሁን አስተምሪኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ይህ ተክል ወንዝ ዳር እንደሚበቅል፣ እግሩ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መሆን እንደሚወድ፣ ብዙ ፀሐይ እንደማይፈልግ፣ ውሃውም እንዳይሸት ቶሎ ቶሎ እንደሚቀየር። ግማሹን በአማርኛ፣ ያልመጣልኝን በእንግሊዝኛ አልኩት። አባባ አንዱንም ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከሥሩ በኩል ገና ያልጠወለገ አንድ ዘለላ አግኝተን ቆረጥንና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምነው።

የዚያን ማታ ተረት ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌው ዝንጀሮ ግልገሎቹን እንዳይበርዳቸው ብሎ ምንጩን በድንጋይ ደፈነው። በማግስቱ መንጋው በውሃ ጥም ሲያለቅስ፣ ከሁሉም የምታንሰው ግልገል፣ አያ፣ ድንጋዩን ያንሱት አለችው። አባባ እዚህ ላይ ሻያቸውን ፉት አሉ። ብረቱ ጠቁሮ ፊታቸው አይታየኝም።

«አነሳዋ! ምን ያድርግ?» አሉ።

እናቴ ስትገባ፣ ለቲቸሬ እንዳትደውዪ አልኳት።

ሐሙስ ማታ ከዘለላው አንጓ እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ሥሮች ወጥተው አገኘን። ዓርብ አንዲት ዘለላ ብቻ ይዤ ክፍሉ ፊት ቆምኩ፤ የሌሎቹ ማሰሮ ለምለም ነበር። የአባቴ አጎት ለሚለው እንግሊዝኛው ስላልመጣልኝ፣ አያቴ ሊያድነው ብሎ ሊገድለው ነበር ብዬ ጀመርኩ፤ በአምስት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬ ይኸው ነበር። ልጆቹ ሳቁ፤ በእኔ ሳይሆን በታሪኩ። ስለዚህ ቀጠልኩ። ግሡ ተሰባብሮ፣ ጊዜው ተዘበራርቆ፣ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

አባባ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሾርላይን ባለው ቤቴ ጥላ በሚበዛበት በረንዳ ላይ ሦስት ማሰሮ ዋተርክረስ አለኝ፤ ቅጠሉን ሰላጣ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ቀን ቀን ሆስፒታል ውስጥ አዳዲስ ነርሶችን አሠለጥናለሁ። አንዷ፣ ይሄ እንዲህ አይደለም ብላ ስታርመኝ ዛሬም ፊቴ ይቀላል፤ ቢሆንም አስረጂኝ እላታለሁ። አባባ ከነገሩኝ ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ምክራቸውንም ጭምር። ያልተረሳኝ አንድ ነገር ነው፤ በስልሳ ዓመት የሚበልጡኝ ሰው፣ ያን ዕለት ማጠቢያው አጠገብ ተቀምጠው ጆሯቸውን ስለሰጡኝ ነው አፌ የተፈታው።