አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ቅጂዎች

መጋቢት 12 ቀን፣ ረቡዕ። አሥራ ሰባተኛው ደብተር፣ ገጽ 43፣ መስመር 11። የአክስቴ ሥራ የቆመው እዚህ ላይ ነው። መስመሩ የልጁን ጾታና የተወለደበትን ሰዓት ይዟል፤ የእናቱ ስም ግን ከሁለተኛው ፊደል አላለፈም። ለልቅሶ የመጣው ሁሉ «አረፈች» ይለኛል። ሙያዬ መዝገብ መያዝ ነውና ያልሆነ ነገር ሲጻፍ ዝም ማለት አልችልም። አክስቴ አላረፈችም። እየሠራች ሳለ ተቋረጠች።

ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነበረች። በእጇ የተቀበለቻቸውን ልጆች ሁሉ፣ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ሌላ፣ በራሷ ደብተር ትጽፍ ነበር፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክብደቱን፣ የእናቲቱን ስም፣ አንዳንዴም «ከማልቀሱ በፊት ያስነጠሰ» የሚል ማስታወሻ። ጡረታ ከወጣች በኋላ የጤና ጣቢያው ጣሪያ አፈሰሰና የድሮው መዝገብ ረጥቦ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ከዚያ ወዲህ የልደት ማስረጃ ያጣ ሰው የሚያንኳኳው የእሷን በር ሆነ። የደብተሮቹም ቀለም እየደበዘዘ ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመች፣ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመረች። «አሥራ ሰባቱንም ሳልጨርስ አልሞትም» ትል ነበር። ሐኪሞቹ ስለ ልቧ የነገሩንን የምናውቅ ሰዎች ይህን ስትል ወደ መስኮት እናያለን።

ኮምፒውተሩ ልጇ ከቢሮው ያመጣላት አሮጌ ነበር። ሳሎኑ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንደ ወፍጮ ያጓራል። መጀመሪያ ላይ ደህና ይሠራ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ጨርሶ ተሳነው። ቁልፉን ተጭና ትሄዳለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፣ አልጋዋን ታነጥፋለች፣ ሻይ ታፈላለች። ስትመለስ ያቺ ክብ ነገር ገና ትሽከረከራለች። አንድ ቅዳሜ ሰዓት ይዤ ለካሁት። ከቁልፉ እስከ መጀመሪያው ፊደል አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፤ የጻፈችውን ለማስቀመጥ ደግሞ ሌላ ስድስት። ሐኪም የፈቀደላት በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ መቀመጥ ነው። አምስት ደብተር ቀርቷት ነበር።

ልጇ አንድ ቀን ባዶ ካርቶን ይዞ መጣ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሞቷል። የቀረው ቀብሩ ነው።»

«ሳይተነፍስ የወጣ ስንቱን አስጩኼያለሁ!»

«አዲስ እገዛልሻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«አዲሱን እስክለምደው አረጃለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ገና ነኝ!»

ካርቶኑን ተቀብላ ሽንኩርት ሞላችበት።

በማግስቱ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች። ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ሦስት መፍቻ ሰክቶ መጣ።

«እማማ፣ ሕመምተኛው የታለ?»

«ሕመምተኛዋስ እኔ ነኝ። እሱ ሰነፍ ነው።»

የሳጥኑን ጎን ሲፈታው ማራገቢያው ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። «ይሄ እኮ ብርድ ልብስ ይወጣዋል» አለ። «ከወጣው ስፋልኝ፤ ብርዱ አልቻለኝም» አለችው። በረንዳ ላይ አውጥቶ በብሩሽ ጠረገው፣ በመንፊያ ነፋው። ቀጥሎ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሱ አሥራ አራት ፕሮግራሞች አገኘና እንዳይነሱ አደረጋቸው። አክስቴ ከኋላው ቆማ «ልክ እንደ ዘመድ!» አለች። ያም ሆኖ ሲሞክረው ያው ዘገምተኛ ነው። ዶክተር ስክሪኑ ላይ ሃርድ ዲስኩን ሲያይ የቦታ መለኪያው መስመር እስከ ጫፉ ቀልቷል።

«ሞልቷል እኮ፣ እማማ። መተንፈሻ የለውም። ፊልም ያያሉ እንዴ?»

«ፊልም የማይበት ዓይን ቢኖረኝ ለደብተሬ ባዋልኩት!»

ሥራዋ ያለበትን ፎልደር ከፈተው። አንድ ዓይነት ፋይል፣ ቀን ብቻ እየተለወጠበት፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ። እያንዳንዱ እስከዚያ ቀን የተጻፈውን ሁሉ፣ ከነደብተሩ ገጾች ፎቶ ይዟል። የዛሬው ቅጂ የትናንቱን፣ የነገው የዛሬውን እየዋጠ ሄዶ ዲስኩ ጠቧል።

«ማነው እንዲህ አድርጉ ያለዎት?»

አክስቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ልታሳብቅብኝ አልፈለገችም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እኔው ነበርኩ። «ምንም ነገር እንዳትሰርዢ፤ በየቀኑ አዲስ ቅጂ አስቀምጪ» ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሥራ ቦታዬ ይህ ሕግ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን መጋዘን አለ። እሷ ቃሌን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይዛ፣ ለሥራ በተቀመጠችበት ቀን ሁሉ ሳታጓድል ፈጸመችው። በየቀኑ ሃያ አምስት ደቂቃዋን የበላው የእኔ ሕግ ነበር።

«ታዲያ ገዳይዋ እዚሁ ተቀምጣለች!» አለ ዶክተር ስቆ። «የመጨረሻውን እናስቀር፣ ሌላውን እንሰርዝ።»

እንዲህም ተጋልጬ አፌ «አይሆንም» አለ። የት እንደተሳሳተች፣ ምኑን እንዳረመች የሚያሳየው ያ ሁሉ ቅጂ ነው አልኩ። አክስቴ ወንበሯ ላይ ዘወር አለችና፦

«ስሚኝ፣ የኔ መዝገብ ቤት። ልጁ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁን ታቅፋ የምትቀመጥ አዋላጅ አይተሻል?»

«የጠፋ ስም ቢኖርስ?»

«ሳምንት ሰጥቼሻለሁ። ፈልጊ።»

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣሁ የመጨረሻውን ቅጂ ከአሥራ ሁለቱ ደብተሮች ጋር መስመር በመስመር አመሳከርኩ። ሁለት ክብደት ተዛብቶ አገኘሁና አረምን፤ ስም ግን አንድም አልጠፋም። ፎቶዎቹን ለብቻ አደረግን፤ ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ገለበጥን። እሑድ ረፋድ ላይ አራት መቶ አሥራ አንዱን መርጣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

«አልቅሰሽ ጨረስሽ?» አለችኝ።

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው እያለቀስሽ እይ» ብላ ተጫነችው።

ዶክተር ከሌላ የሞተ ኮምፒውተር የነቀለውን ራም የሚባል የማስታወሻ ቁራጭ ጨመረለት። ሰዓት ያዝኩ፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም። አክስቴ ስክሪኑን ገላመጠችው። «ምን ያጣድፈዋል? የሻይ ማፍያ ጊዜዬን ወሰደብኝ እኮ!»

ከዚያች እሑድ እስከ መጋቢት 12 ድረስ አሥራ አንድ ሳምንት ነው። አሥራ ሁለቱን ደብተር ለመገልበጥ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶባት ነበር፤ በአሥራ አንድ ሳምንት አራት ጨርሳ አምስተኛውን ጀመረች። ልጇ ልቅሶ ላይ «ያ ማሽን ነው የጨረሳት፤ ካርቶኑን ያመጣሁ ቀን ብወስደው ኖሮ» አለኝ። ሐዘኑን አከብራለሁ፤ አባባሉን ግን አልመዘግበውም። ብትተኛ ኖሮ ያው ልብ ያው ቀን ይቆም ነበር፤ ልዩነቱ አራት ደብተር ሰው ያለ ማስረጃ መቅረቱ ነው።

የመጨረሻውን ቀን ጠዋት፣ ወደ አሥራ ሰባተኛው ደብተር ከመቀመጧ በፊት የሆነውን፣ እንዳጣራሁት እጽፋለሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ የልደት ማስረጃ ጠይቃት ነበር። አክስቴ ኮምፒውተሩ ላይ የልብስ ሰፊዋን እናት ስም ጻፈች፤ ዱሮ ግማሽ ቀን ፍለጋ የሚጠይቀው ወዲያው ወጣ፤ ስድስተኛው ደብተር፣ ገጽ 18። በፍላሽ ይዛ፣ ሁለት ጊዜ ቆማ እየተነፈሰች፣ ፎቅ ላይ ወዳለው ማተሚያ ቤት ወጣች። የመጀመሪያው ወረቀት ደብዝዞ ሲወጣ መለሰችው። «ሰው ነው የተወለደው፣ ጥላ አይደለም። አድምቀህ አትም!» ሁለት ቅጂ አሳተመች፤ በፕላስቲክ ከትታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወሰደች።

«ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ? ይቺን አህል ነበር እንዴ፣ እማማ?»

«ይቺን ታህዪ ነበር። ጩኸትሽ ግን ሌላ አምስት ኪሎ ይሆናል።»

ልብስ ሰፊዋ ስቃ ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል አክስቴ እጇን ያዘቻት፤ ማስረጃ አይታጠፍም። ሁለተኛውን ቅጂ የስፌት መኪናው ላይ ዘረጋችላት።

«እዚህ ጋ፣ እንደተቀበልሽ ፈርሚልኝ።»

ፈረመችላት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።