አልፏል ያልኩት ባቡር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባቡሩ ገና እያፏጨ በአቃቂ በሚያልፍበት ዘመን፣ በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ግን እስከ ዛሬ ሰው ድንገት «እርግጠኛ ነሽ?» ሲለኝ «አዎ» ማለት አልደፍርም።

ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሲሞት ሰይቼንቶ የምትባል አንዲት ትንሽ አሮጌ መኪና ትቶልን ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዶሮ እንቁላል ጣለባት፣ አይጥ ወለደባት። የመጀመሪያ ልጄ ሽመልስ ግን አልተዋትም። የብረታ ብረት ሠራተኛ ነው፣ እጁ አያርፍም። እህቱ ልታገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት «ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣው በአባቷ መኪና ነው» ብሎ ማለ።

ሞተሩ ደርቆ አልዞር ብሎ ነበር። ካንዴላዎቹን ፈቶ በቀዳዳቸው ዘይትና ነጭ ጋዝ አጠጣውና ሳምንት አሳደረው። ከዚያ በመፍቻ እየወዘወዘ አላቀቀው። የዞረ ቀን እኔም እልል አልኩ። ባትሪ ግን አልነበረንም፤ ስለዚህ ተገፍታ መነሳት አለባት።

የኛ ሰፈር ጭቃ በክረምት እግር ይውጣል። ጠጠር ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። እሱም ሽቅብ ወጥቶ ሀዲዱን ያቋርጥና ማዶ ቁልቁል ይወርዳል። የሽመልስ ሐሳብ በሰው አስገፍቶ፣ ሀዲዱን አሻግሮ ቁልቁለቱ ላይ ሊያስነሳት ነው። በሮቿ እየተከፈቱ ስላስቸገሩ፣ ሽመልስ ከገባ በኋላ እኔ ራሴ ከውጭ በሽቦ አሰርኳቸው።

ጎረቤቱ ሁሉ ሊገፋ ወጣ።

«ሽሜ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ የዶሮ ቆጥ?» ይላል አንዱ።

«ዝም ብለህ ግፋ! ለሠርጉ በእግርህ ነው የምትመጣው!» ይላል ሽመልስ ከውስጥ።

ሀዲዱ ጋ ሲደርሱ አቆሟት። ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችን «የጠዋቱ ባቡር አልፏል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ ሰዓት አላስርም፤ ሃያ ዓመት የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሆኜ ባቡርን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ሰፈሩም ከብቱን የሚያሻግረው «እትዬ አስካለ፣ አልፏል?» ብሎ እኔን ጠይቆ ነው።

በጠዋት ገና ቁርስ ሳላቀርብ ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ። «አልፏል ጋሼ። ከእንግዲህ እስከ ከሰዓት የለም» አልኳቸው።

ሽመልስ ዝጎ በማይወርደው መስኮት ጠባብ ክፍተት አየኝ። «እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«የአባትህን ባቡር አንተ ልታስተምረኝ ነው? ግፉ!» አልኩ።

ገፉ። የፊት ጎማዋ የመጀመሪያውን ሀዲድ እንደተሻገረ፣ በሁለቱ ሀዲድ መሃል ለመሻገሪያ የተነጠፈው የበሰበሰ እንጨት ተሰበረና ተቀረቀረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» ቢሉ ንቅንቅ አላለችም።

ያን ጊዜ ከአቃቂ ወንዝ ድልድይ በኩል ፉጨት ተሰማ።

ማንም ወዲያው አላመነም። ጋሽ ቱፋ እኔን አዩኝ። ሁለተኛ ሲያፏጭ ግማሹ ሰው ሸሸ። እኔ ወደ በሩ ሽቦ ተወረወርኩ። ጥፍሬ ሲነቀል አልተሰማኝም። «እማዬ ሂጂ! ከዚህ ሂጂ!» ይላል ልጄ። እኔ እጠመዝዛለሁ። ለካ የምፈታ መስሎኝ እያጠበቅኩት ነው።

አንድ የማላውቀው ሰው፣ ኋላ እንደሰማነው ቃሊቲ የታሰረ ወንድሙን ሊጠይቅ ምሳ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ነው፣ ሳህኑን ወርውሮ መጣ። እኔን ገፍትሮ ወደ ኋላ ጣለኝ። «አትግፉ፣ ተሸከሟት! ይቺማ ሸክም ናት! አንሱ!» ብሎ ጮኸ። የሸሹት ተመለሱ። ጫንቃቸውን ከሥሯ ሲያስገቡ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ባቡሩን ብቻ ነው።

በመካከላችን ገባ። ፉርጎ፣ ፉርጎ፣ ፉርጎ። አያልቅም። ልጄ ማዶ ይሁን ከሥር አላውቅም። ስሙን እጠራለሁ፤ የፉርጎው ጩኸት ይውጠዋል።

የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ማዶ ነጭ ጭስ አየሁ። ተቃጠለ አልኩ። ቀጥሎ ሞተር ሰማሁ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ተንደርድራ ተነስታለች፤ ሽመልስ ውስጧ ተቀምጦ ነዳጅ ይረግጣል። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው በሩን ከፈቱለት። እጁ ግን መሪውን አልለቅ አለ። እኔና ጋሽ ቱፋ ጣቱን አንድ በአንድ አላቀቅንለት።

መንገደኛው የፈሰሰውን ምሳ ከጠጠሩ ይለቅም ነበር። «ቤት ግባ፣ ሌላ ልሥራልህ» ስለው «ሰዓት ያልፍብኛል እናቴ፣ አያስገቡኝም» ብሎ የተረፈችውን ይዞ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ጋሽ ቱፋ ጣቢያ ድረስ ሄደው ጠይቀው መጡ። በጠዋት የሰማሁት የትናንት ማታው ባቡር ነበር። መንገድ ላይ ጎርፍ ይዞት አድሮ፣ ሲነጋ ነው የገባው። የጠዋቱ በራሱ ሰዓት መጣ። ጆሮዬ አልዋሸኝም። የትኛው ባቡር እንደሆነ ግን ጆሮ አይለይም።

ሙሽራዋ በመኪናዋ ወጣች። እኔ በእግሬ ተከተልኳቸው። ከብት የሚያሻግሩትም ሲጠይቁኝ «እኔ እንጃ፣ ሄዳችሁ እዩ» ማለት ጀመርኩ።

ሽመልስ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ታሪኩን ለሰው ሲያወራ እሰማዋለሁ። «እንጨቱ በስብሶ ነበር» ይልና ያልፈዋል። «እናቴ ናት ግፉ ያለችው» ብሎ አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።