ደረቅ ጉዝጓዝ

ስህተቱ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጎረቤቴን ደስ ይበለው ብዬ አይደለም፤ ከእሱ አፍ ከሚወጣ ከእኔ አፍ ቢወጣ ስለሚሻለኝ ነው።

ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ፣ ዙሪያው በሽቦ የተከለለ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ዶሮ ቤት አሠራሁና ሃያ አራት ቄቦች አስገባሁ። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። «ምን ያደክምሻል? ነይና አብረን እንኑር» ይሉኛል። ያ ቤት ምን ያህል ጸጥ ብሎ እንደነበር አያውቁም። በገዛ ሳሎኔ እንግዳ ሆኜ ነበር። ዶሮዎቹ ከገቡ ወዲህ ግን ጠዋት የሚጠብቀኝ፣ ትንሽ ስዘገይ የሚጮኽብኝ አገኘሁ። ስለዚህ ነገሩ የእንቁላል ብቻ አልነበረም።

ቄቦቹን ስወስድ የግብርና ባለሙያዋ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ፣ «እናቴ፣ ወለሉን ጥሩ አድርገው ጉዝጓዝ ያልብሱት» አለችኝ። ጉዝጓዝ! ይህ ደግሞ ለእኔ ይነገራል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቴን ስጎዘጉዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ገበያ ወርጄ ከአባያ ሐይቅ ዳር ታጭዶ የመጣ፣ ውሃው ገና ያልተንጠፈጠፈ ለምለም ቄጤማ በሸክም አመጣሁና ወለሉን አለበስኩት። አማረ። ቆሜ አየሁት፤ እንኳን ለዶሮ ለሙሽራም ይበቃ ነበር።

የአርባ ምንጭ ሙቀት ሥራውን ለመጀመር ሦስት ቀን አልፈጀበትም። ቄጤማው ከሥሩ ጠቆረ፣ ሻገተ። መኖውን ደግሞ በሰፊ ትሪ መሬት ላይ ነበር የማስቀምጥላቸው። ዶሮ ትሪው ውስጥ ገብታ በእግሯ ካልጫረች የበላች አይመስላትም፤ ፉርሽካውና የበቆሎው ክክ ግማሹ እርጥቡ ሣር ላይ ይበተንና እዚያው ይቦካል። በሁለተኛው ሳምንት በሩን ስከፍት ዓይኔን አቃጠለኝ። ዶሮዎቹ ያነጥሱ ጀመር፤ ሁለቱ ሞቱብኝ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ሌላ ቄጤማ ጨመርኩበት።

ጎረቤቴ በዚህ ጊዜ ነው የመጣብኝ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምናመልክ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልልም። በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እህቴ፣ ይህ የክርስቲያን ቤት ሽታ አይደለም» አለኝ። ጥቂት ቀን ይታገሡኝ ብዬ ለመንኩት። አልታገሠኝም፤ ቀበሌ ሄዶ አመለከተ። ኮሚቴ ከወር በኋላ መጥቶ ያያል፣ ሽታው ካለ ዶሮ ቤቱ ይፈርሳል ተባልኩ።

ያን ዕለት አለቀስኩ፤ አልክድም። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ንዴቱ ከለቅሶው በጀኝ። እኔ እኮ ጨንቻ የተወለድኩ ነኝ። በልጅነቴ ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር የምናድረው፤ የከብቱ እበት ጠዋት ጠዋት ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ይሄዳል፣ አፍንጫውን የያዘ ሰው አላስታውስም። እናቴ ከከብቱ ሥር የምታነጥፈው ግን ደረቅ ነገር ነበር። ደረቅ! እርጥብ ሣር ይበላል እንጂ አይተኛበትም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ አንዲት የአማርኛ ቃል ስሰማ የበዓል ሣር ታየኝ።

ቄጤማውን በሙሉ አውጥቼ ጓሮዬ ካለው ሙዝ ሥር ቀበርኩት። ወለሉ ሁለት ቀን ነፋስ እንዲያገኘው ከፍቼ ተውኩትና አመድ ነሰነስኩበት። ከእንጨት ሥራ ቤቶች ቀለም ያልነካው ሰጋቱራ በጆንያ አመጣሁ። ጓሮዬ ውስጥ የሚደርቀውን የሙዝ ቅጠል ቆራርጬ ቀላቀልኩበትና ስንዝር ያህል አነጠፍኩ። ትሪውን ጣልኩት። በምትኩ ጀሪካን በጎኑ ቀድጄ በዶሮዎቹ ጀርባ ልክ አንጠለጠልኩ፤ ቆመው ይበላሉ እንጂ ገብተው አይጭሩም። ግማሹን ብቻ እሞላዋለሁ፤ ጢም ካለ ይደፉታል። የውሃውን ዕቃ ብሎኬት ላይ አወጣሁት። ጠዋት ጠዋት ጉዝጓዙን በመንሽ አገላብጣለሁ፤ የረጠበ ካለ ያንን ብቻ አንሥቼ ለሙዙ እሰጣለሁ። የቀረውን ዶሮዎቹ ራሳቸው እየጫሩ ያደርቁታል። ትሪው ላይ ያስቸገረኝ እግር እዚህ ሠራተኛ ሆነልኝ።

ቀኑ ደረሰ፤ ሦስት ሆነው መጡ፦ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ጎረቤቴ። በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ። ምንም የለም።

«እንደምትመጡ አውቃ ዛሬ ጠርጋው ነው» አለ ጎረቤቴ።

«አልጠረግኩም» አልኩ። «ይህ ጉዝጓዝ ከገባ ጀምሮ አልወጣም።»

ይሄኔ ሰብሳቢው ደነገጠ። «ወር ሙሉ? እንግዲያው በየቀኑ በውሃ አጥባለሁ ብለው ይፈርሙልንና ጉዳዩን እንዝጋው» ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋልኝ።

በውሃ! ከዚያ ሁሉ በኋላ በውሃ! ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት። «አልፈርምም። ሁለት ዶሮ የገደለብኝ እርጥበት ነው፤ ሦስተኛ አልገድልም። ሽታ ካለ እህል አይወርድም አይደል? ይግቡና ምሳ እንብላ።»

ጠዋት ነበር ያሰብኩበት። አራት የእንጨት መቀመጫ ዱካዎች እዚያው ጉዝጓዙ ላይ፣ ከዶሮዎቹ መሀል ደርድሬ ነበር። የጠበስኩትን አሳ ይዤ ገባሁና ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጤና ሠራተኛዋ ልጅ እየሳቀች ገባች። ሰብሳቢው ጫማውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ አሳውን አየ፣ ገባ። በላ። አንዷ ዶሮ የጫማውን ማሰሪያ ስትጎትት ሳቀ፤ ሁለተኛ አሳ ሲያነሣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ይቀመጡ፣ ይኑሩበት» አለኝ፤ ስለ ዶሮዎቹ ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅሁትም።

ጎረቤቴ ከሽቦው ውጭ ቆሞ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አልኩት። «ጉዝጓዙ ደረቅ ነው።»

አልገባም። ለእሱ ያዘጋጀሁት ዱካ ላይ አንዲት ዶሮ ወጥታ ተቀመጠችበት። አላስነሣኋትም።