ይህን ትምህርት የሠራው ማን ነው?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የማወራላችሁ ሴትማ ጭራሽ! ሙያዋ በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ማዘጋጀት ነው። የእህቷ ባል የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ዳይሬክተር ነው። «እህት ዓለም፣ እስቲ ለተማሪዎቼ በኢንተርኔት የሚማሩበት ነገር ሥሪልኝ» ብሎ ሲለምናት፣ ላቧን አንጠፍጥፋ ሠራችለት። ሥዕሉን ሣለች፣ ጥያቄውን አወጣች፣ «ትክክል ነው»፣ «ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚለውን እንኳ በገዛ ድምፅዋ ቀዳች።

ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስሟን ከገጹ አጥፍቶ የራሱን ፎቶ ለጠፈበት! አንድ ኮሌጅ ልትቀጠር ሄዳ ያንኑ ትምህርት ስታሳይ፣ የኮሌጁ ኃላፊ ከት ብላ ሳቀች። «ይሄንን እኮ የማሠልጠኛው ዳይሬክተር ነው የሠራው። የሰው ሥራ ይዘሽ ትመጫለሽ?» ሌባ ተባለች፣ እናንተዬ! ለእህቷ ብትነግራት፣ «ተይው በቃ፣ በቤተሰብ መሀል የምን ስም ነው?» አለቻት። ደሟ ፈላ።

ሰውዬው ግን ያልገባው ነገር አለ። ፎቶውን ስለለጠፈ ትምህርቱ የራሱ የሆነ መስሎታል። ገጹ ላይ ያለው ግን ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ አጭር ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ትምህርቱን ከተቀመጠበት ከእሷ ሰርቨር ይጠራል። ምን እንደሚታይ፣ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ መቼ እንደሚሠራ የምታዘው እሷ ናት።

ዳይሬክተሩ ትምህርቱን ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊያስተዋውቅ እንግዶች ጠራ፤ የኮሌጁም ኃላፊ፣ ሚስቱም መጥተዋል። ትምህርቱን የሠራችው እሷ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ ጥርሷን ነክሳ ቁጭ ብላለች። «የብዙ ድካሜ ውጤት ነው» እያለ ገጹን ቢከፍተው፣ በትራፊክ ምልክቶቹ ፋንታ ጥያቄ ወጣ፦ «ይህን ትምህርት የሠራው ማን ነው? ሀ. ዳይሬክተሩ። ለ. የዳይሬክተሩ ሚስት እህት። ሐ. ከሰማይ የወረደ ነው።»

ክው አለ። «ቀጥል»ን ቢጫን፣ እምቢ። «ሀ»ን ተጫነ። «ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ» አለ የእሷ ድምፅ በትልቁ ስፒከር። አሁንም «ሀ»። «ተሳስተዋል።» ጭንቅ ሲለው «ሐ»ን ተጫነላችሁ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ የእሷም አንጀት ቅቤ ጠጣ። «ለ»ን ግን ሞቶ ይገኛል እንጂ አይነካትም።

መጨረሻ ላይ እህቷ ተነስታ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ማውሱን ከባሏ እጅ ነጥቃ «ለ»ን ተጫነች። «ትክክል ነው!» ትምህርቱም ቀጠለ። ስትመለስ አጠገቧ ቆም ብላ፣ «እሱን በሰው ፊት ስታዋርጂው፣ እኔ የማን ሚስት ነኝ?» አለቻትና ጥላት ወጣች።

በማግስቱ የኮሌጁ ኃላፊ ደወለች።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራው ያንቺ ነው፤ ደግሞም ግሩም ነው።»

«ታዲያ መቼ ልጀምር?»

«አይ እህቴ፣ አንቀጥርሽም። አንድ ቀን ብናስቀይምሽ፣ ተማሪዎቻችን ፈተና ላይ እያሉ ምን ልታወጪባቸው ነው?»

እሷም ስልኩን ዘግታ «ይበለው!» አለች ለብቻዋ፤ ዛሬም የዳይሬክተሩ ስም በተነሳ ቁጥር ይበለው ትላለች። ሥራ ግን እስካሁን የሰጣት የለም፤ እህቷም አልደወለችላትም።