በዳገት የሚስተካከል እሳት

ከአባቴ ጂፕ እኩዮች መካከል መካነ ሰላም ውስጥ ዛሬም በራሷ እግር የምትሄደው እሷ ብቻ ናት። ይህን ስናገር አልኮራም አልልም፤ እኮራለሁ።

የአሮጌ ቤንዚን ሞተር ዋናው ነገር እሳቱ በሰዓቱ መድረሱ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እሳት የሚጭረው ካንዴላ መተኮስ አለበት። ከዘገየ መኪናዋ ዳገት ላይ ትለግማለች። ከቸኮለ ደግሞ ገና በመውጣት ላይ ያለውን ፒስተን አናቱን ይለዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ሽምብራ ያንኳኳል። ችላ ካሉት ፒስተኑ ይበሳል፤ ለእሷ ደግሞ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? አባቴ «እሷ ያበቃላት ቀን ጋራዤን እዘጋለሁ» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል። ያሉትን የማያጥፉ ሰው ናቸው።

ዘዴያቸው ቀላል ነው። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በትንሽ በትንሹ እያዞሩ እሳቱን ያስቸኩሉታል፤ ዳገት ላይ ማንኳኳት ሲጀምር መለስ ያደርጉትና ብሎኑን ያጠብቃሉ። ሙከራው ጭነት ስለሚፈልግ በገበያ ቀን ወደ ከላላ ገበያ የሚሄድ ሰው እስኪሞላ በነጻ ይጫናል። ሰፈሩ ያን ቀን እንደ ዓመት በዓል ነው የሚጠብቀው።

ከአረብ አገር እንደተመለስኩ እናቴ አባቴን ከሰሰችልኝ። «በስተርጅና ኩራት ጀምሮታል፤ ምሳ ቀረበ ብዬ ከበር ስጠራው ዞር ብሎም አያየኝ» አለች። ሳቅኩና አለፍኩት።

በሳምንቱ ጂፗ ልትሞከር ስትወጣ ከፊት ተቀመጥኩ። ዳገቱ ላይ አባቴ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ ሲረግጡ ሽምብራው ተናጠ። እኔ በዚህ ድምፅ አልሳሳትም፤ ሰው አገር የሰው ወለል እየወለወልኩ እንኳ በደጅ የሚያልፍ መኪና ሲያንኳኳ ያመኝ ነበር።

«ያንኳኳል እንዴ?» ብለው አባቴ ወደኋላ ጮኹ።

«ኧረ ምንም የለው! ማሻአላህ፣ እንደ ንብ ነው የሚለው!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ወላሂ እንደ አዲስ ናት፣ ጋሼ!» አለች ዶሮ የታቀፈች ሴት።

አባቴ መኪናዋን አቁመው ወረዱ፤ ኮፈኑን ከፍተውም እሳቱን ይባስ አስቸኮሉት። ገና ማንኳኳት አልጀመረም ብለዋላ! ያኔ ገባኝ። ጆሯቸው ከድቷቸዋል፤ ተሳፋሪው ደግሞ በነጻ ተጭኖ የሽማግሌ ሥራ ማናናቅ ነውር ሆኖበታል። እንግዳ ወጡ ጨው በዛበት አይልም። ይሉኝታ ሞተር ሊገድል ነው አልኩና ተናድጄ ወረድኩ።

«አባባ፣ ያንኳኳል!» አልኩ ጆሯቸው ሥር። «ቅድምም ያንኳኳ ነበር። እርስዎ ስላልሰሙት ነው።»

አባቴ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ሽማግሌው ወደ ገደሉ ዞሩ፣ ሴትዮዋ የዶሮዋን እግር እንደገና ማሰር ጀመረች። የአባቴ ፊት ጠቆረ። ቃሌን ግን አልመለስኩም።

«እንግዲያው አንቺ ስሚ፣ እኔ ላዙር» አሉ።

ሲያንኳኳ ጉልበታቸውን መታ ላደርግ ተስማማን። መለስ አደረጉት፤ ነዱ፤ መታ አደረግኩ። እንደገና መለስ አደረጉት፤ አሁንም መታ አደረግኩ። በመጨረሻ እጄ ጭኔ ላይ እንዳረፈ ጂፗ ሙሉ ገበያተኛ ተሸክማ ዳገቱን ጨረሰች። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

አናቱ ላይ አባቴ ሞተሩን አጠፉ። መሪውን እንደያዙ፣ «ሌላስ?» አሉኝ። «ሌላ ያልሰማሁት ምን አለ?»

እንደ ተሳፋሪዎቹ ምንም የለም ማለት ይቻል ነበር። አልፈጠረብኝም።

«እማዬ ምሳ ስትጠራዎት አይመልሱላትም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ኩራት መስሏታል።»

ከዚያ ሞተሩን አስነሱና የጂፗን አፍንጫ ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ ቤታችን አዞሩት።

«ኧረ ጋሼ! ገበያው በዚያ ነው!» እያለ ገበያተኛው ከኋላ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር።

አባቴ አልሰሙም።