ቶሎ የሚያድግ ተክል የፈለገው ፀጉር አስተካካይ

የሰፈሩ ሰው ጋሽ መቀስ ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ቆሞ ፀጉር ሲያስተካክል ኖሯል፤ መጀመሪያ የአባትን፣ ቀጥሎ የልጅን፣ አሁን አሁን ደግሞ የልጅ ልጅን። አምና ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒት ሲጽፍለት፣ «ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም» ብሎ ቁርጡን ነገረው። ደንበኞቹም አንድ ሁለት እያሉ መንገዱን ተሻግረው ማዶ ወደ ተከፈተው ፀጉር ቤት ገቡ። ክፉ ቃል የተናገረው የለም። በበሩ ሲያልፉ ሰላምታቸው ብቻ ከወትሮው ረዘመ።

አንድ ሰው ቀረው፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የሚመጣ ጡረተኛ መምህር። ጋሽ መቀስ ይህን ሰው ላለማጣት እጁን ሊያለማምድ ወሰነ። ግን በምን? የመጥረጊያ ጭራ ሞከረ፣ የሚስቱን የሹራብ ክር ሞከረ፤ ሁለቱም አንዴ ከተቆረጡ አለቀ። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ ነው፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከዓሣዎቹ መሀል፣ እንደ ፀጉር የሚውለበለብ ሣር ያየው።

በማግስቱ የጌጥ ዓሣ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ልጄ፣ ከእነዚህ ተክሎች ቶሎ የሚያድገው የቱ ነው?»

ሻጯ ዓሣውን ሳያይ ተክል የሚጠይቅ ሰው ገርሟት፣ «ጀማሪ ነዎት ጋሼ?» አለችው።

«በዓሣ፣ አዎ።»

ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠቆር ያለ ተክል አወጣችለት። «እንግዲያው ይሄን ይውሰዱ። አይሞት፣ አያስቸግር። በወር አንድ ቅጠል ካወጣ ጥሩ ነው።»

«በወር አንድ ቅጠል ለኔ መላጣ ማለት ነው።»

ሳቀችና የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስል አረንጓዴ ነገር አሳየችው። «ይሄ ሥር እንኳ የለውም። ውሃው ላይ ጣል ሲያደርጉት በሳምንት ግማሽ ስንዝር ይረዝማል። ያኛው ግንዱ ቀጥ ያለው ደግሞ አሸዋ ውስጥ ይተከላል፤ ጫፉን ቆርጠው መልሰው ቢተክሉት ሌላ ይሆናል። ለጀማሪ እንዲያውም ፈጣኑ ይሻላል፤ የዓሣውን ቆሻሻ እየበላ ውሃውን ያጠራል። ብቻ በየሳምንቱ መቁረጥ አለብዎት።»

«እሱን ለኔ ተዪው።»

ተክሎቹን ከጥቂት ዓሣና ከመስታወት ገንዳ ጋር ገዝቶ፣ ገንዳውን ከፀጉር ቤቱ ትልቅ መስታወት ሥር አስቀመጠው። ሚስቱ መጥታ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ለዓሣ ልታስተካክል ነው?» አለችው።

«ዓሣ ምን አለው፣ የሚቆረጥ ጆሮ የለው።»

ልትስቅ ብላ እጁን አይታ ተወችው።

ጠዋት ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ይከታል፤ በግራው ማበጠሪያ፣ በቀኙ መቀስ። የመጀመሪያው ሳምንት ተክሉ አይጥ የበላው መሰለ። በሦስተኛው ደህና ሆነ። በስድስተኛው ጫፉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር፤ እጁም ጸጥ ብሏል። ማታ ለሚስቱ፣ «እየተሻለኝ ነው» አላት። እሷ ራት ላይ ማንኪያው ሳህኑን ሲያንቀጫቅጭ ትሰማለች።

ቅዳሜ መምህሩ መጣ። ጋሽ መቀስ አንገቱ ላይ ጨርቅ አሰረለት፤ ለወትሮው ማጅራቱን በቶንዶስ ማሽን ብቻ አንስቶለት ይሸኘው የነበረው ሰው፣ ዛሬ መቀስ አነሳ። ገና እጁን ሲዘረጋ መቀሱ በአየር ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ያን ጊዜ ገባው። እጁን ደግፎ ይዞለት የነበረው ውሃው ነው። ከውሃ ሲወጣ የአምናው እጅ ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል።

የሆነው ይሁን ብሎ ጀመረ። ግማሹን ጨርሶ ወደ መምህሩ ቀኝ ጆሮ ሲዞር መቀሱ ጆሮውን ነክቶት ደም መጣ።

«ምንም አይደል ወንድሜ፣ ቀጥል» አለ መምህሩ፤ ዓይኑን ጨፍኗል። እጆቹ ግን የወንበሩን መደገፊያ ጨምድደው ይዘዋል።

ጋሽ መቀስ እነዚያን እጆች አያቸው። መቀሱን አስቀመጠ።

«ይነሡ መምህር፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ማዶ።»

ግማሽ ፀጉሩ ሳይቆረጥ እንዳለ ክንዱን ይዞ መንገዱን አሻገረው። የማዶው ፀጉር ቤት ወጣት ባለሙያ ሁለቱን አይቶ አንድም ነገር ሳይጠይቅ መምህሩን አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ እርስዎም አረፍ ይበሉ» ብሎ ተራ ጠባቂዎቹ የሚቀመጡበትን አግዳሚ አሳየው።

እምቢ ሊል ነበር። ግን ተመልሶ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። ከሁለት የቀድሞ ደንበኞቹ መሀል ገብቶ ተቀመጠ፤ እነሱም ጠጋ ጠጋ አሉለት።