ካርቶኑ ደረቅ ሲሆን

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ከመርሳ ወልድያ በሚመላለሱባት አሮጌ ፒካፕ ሥር የምታፈሰው ነገር ካለ ለማየት ማታ ማታ ካርቶን ያነጥፉ ነበር። ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ረጥቦ ካገኙት «አልሐምዱሊላህ! ቁስሏን ካሳየችንማ መድኃኒቱ ቀላል ነው» ብለው ይስቃሉ።

ባለፈው ክረምት ግን የራዲያተሩ ውሃ በየጠዋቱ እየጎደለ፣ ካርቶኑ ደረቅ ሆነ። መካኒኩ የውሃ ጎማዎቹንም የራዲያተሩን ክዳንም ቀየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አጎቴ የዘይቱን ክዳን ከፍተው አሳዩኝ። ዘይቱ ከውሃ ተደባልቆ ማኪያቶ መስሏል።

«አየህ፣ ወደ ውስጥ ነው የምታፈሰው። ወደ ውጭ የሚያፈሰው አይገድልህም፤ ሳታየው የሚጎድለውን ፍራ» አሉኝ።

ይህን ብለው ከዕቃ መያዣው ሚስማር አወጡና ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ጀመሩ። ሱሪያቸው እየወረደ አስቸግሯቸው ነበር።

«አጎቴ፣ ከስተዋል እኮ። ያምዎታል እንዴ?»

«ምንም የለብኝም።»

ሞተሩ ተፈትቶ ዳነ። እሳቸውን ወልድያ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ግን በሽታው ውስጣቸውን ጨርሶት ነበር።

አሁን መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝ። ወንበሩን እሳቸው ከተዉበት ማንቀሳቀስ አልሆነልኝም፤ እግሬ ፍሬኑ ላይ በጭንቅ ነው የሚደርሰው።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ ራዲያተሩን ከፈትኩት፤ ውሃው ሙሉ ነው። እፎይ ብዬ ቀና ስል፣ አባቴ፣ የእሳቸው ታናሽ ወንድም፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቀበቷቸውን በሚስማር ይበሳሉ።

«አባ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም የለብኝም» አሉኝ።

የመኪናዋን በር ከፈትኩና «ይግቡ» አልኳቸው።